ምልክቱ ከቦታው ሲሸሽ፦ እንቅርት ላለባት የጽኑ ሕሙማን ታካሚ የተሠራ ትራኪዮስቶሚ

ታካሚዋና ውሳኔው

የ38 ዓመት እናት ናት። ከጣና ምዕራባዊ ዳርቻ ካለ የገጠር ቀበሌ ወደ ባሕር ዳር ያመጧት እግሮቿ አልታዘዝ ብለዋት ነው። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ተቅማጥ ይዟት ለቋት ነበር። ድካሙ ከእግር ተነሥቶ በአራት ቀን ወደ እጅ፣ ከዚያም ወደ አንገትና ወደ መተንፈሻ ጡንቻዎች ወጣ። ጉልበቷ በመዶሻ ሲመታ እግሯ አይነሣም፤ አእምሮዋ ግን ንቁ ነው። በሽታው ጊላን ባሬ ሲንድሮም ነበር፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን ነርቮች ሲያጠቃ የሚመጣ ድካም ነው። በተኛች በሁለተኛው ቀን ማሳልም ምራቋን መዋጥም ስላቃታት በአፏ በኩል ቁጥር 7.0 ቱቦ ገብቶ ከመተንፈሻ ማሽን (ቬንቲሌተር) ጋር ተያያዘች። ስሟን፣ ቀበሌዋንና የታከመችበትን ሆስፒታል እዚህ አንጠቅስም።

ክብደቷ 52 ኪሎ ነው። አንገቷ ላይ ከሩቅ የሚታይ እንቅርት አለ፤ በቀኝ በኩል ይበልጣል። በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ እንቅርት እንግዳ ነገር ስላልሆነ ቤተሰቡም እንደ ሕመም አልቆጠረውም፤ ሲጠየቁ «እሱማ ከልጅነቷ ነው» ነበር መልሳቸው። ለዚህ ሥራ ግን ከሳንባዋ ቀጥሎ የሚያሳስበው ነገር እሱ ነበር።

በ12ኛው ቀን እጆቿ በትንሹ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ በራሷ ስትተነፍስ ግን ከአምስት ደቂቃ በላይ አልዘለቀችም። ገና ሳምንታት እንደሚቀራት ግልጽ ሆነ። ትራኪዮስቶሚን፣ ማለትም በአንገት ፊት የአየር ቧንቧን ከፍቶ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባትን፣ ማስቸኮል በራሱ ሕይወት አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የእንግሊዝ የትራክማን ጥናት 909 ታካሚዎችን ይዞ በመጀመሪያዎቹ 4 ቀናት የተሠራላቸውንና ከ10 ቀን በኋላ እንዲቆዩ የተደረጉትን ሲያወዳድር በሞት ላይ ልዩነት አላገኘም፤ እንዲቆዩ ከተደረጉት ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ጭራሹን ሳይሠራላቸው ቀሩ። ስለዚህ ቡድኑ በ3ኛው ወይም በ5ኛው ቀን አልተጣደፈም። ጡንቻዋ ቀስ ብሎ እንደሚመለስ ከታወቀ በኋላ ግን ቱቦውን በአፏ ማቆየት ማንቁርቷን ማቁሰልና ማስታገሻ ማብዛት ብቻ ነው። ሥራው ለ14ኛው ቀን ተቀጠረ።

ታላቅ ወንድሟ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት «ዶክተር፣ ጉሮሮዋን ልትቆርጡት ነው እንዴ? ድምፅዋስ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ ይህ ነበር፦ «ጋሼ፣ ጉሮሮዋ አይቆረጥም። ከማንቁርቷ በታች ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ አሁን በአፏ ያለው ቱቦ ወደዚያ ይዞራል። ቱቦው እስካለ ድምፅ አይወጣትም፤ የድምፅ አውታሯ ግን አይነካም። ስትድን ይወጣል፣ ቀዳዳውም በራሱ ይገጥማል።» ይህን በእርጋታ መናገር የሥራው ክፍል ነው። «ጉሮሮ መብሳት» የሚለው ቃል ብቻውን ቤተሰብን አስደንግጦ ታካሚን ከሆስፒታል ያስወጣል።

ማን ምን ያያል

በአልጋ ላይ የሚሠራው ትራኪዮስቶሚ፣ ቻሊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ባስተዋወቀው መንገድ፣ በመርፌ ይጀምራል፤ በመርፌው ውስጥ ሽቦ ይገባል፤ በሽቦው ላይ ማስፊያ፣ በመጨረሻም ቱቦው ይሄዳል። ታካሚን ከነቬንቲሌተሩ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ማጓጓዝ ይቀራል። ዋጋው ደግሞ ሠሪው የሚወጋውን ነገር በዓይኑ አለማየቱ ነው። የአየር ቧንቧ ቀለበቶች ሙሉ ክብ አይደሉም፤ እንደ ፈረስ ኮቴ ከኋላ ክፍት ናቸው። ክፍቱን የሚሸፍነው ስስ ሥጋ ነው፤ ከእሱ ጀርባ የምግብ ቧንቧ አለ። በሴት ላይ ከፊተኛው ግድግዳ እስከ ኋለኛው ያለው ርቀት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። የሠሪው እጅ በትንሹ ከገፋ መርፌው በዚያ ያልፋል።

አልትራሳውንድ ከቆዳ እስከ ቧንቧው ፊት ያለውን ሁሉ ያሳያል፦ የታይሮይድ ዕጢን ድልድይ (ሁለቱን ክንፎቹን የሚያገናኘውን)፣ ደም ሥሮችን፣ ቀለበቶችን፣ ጥልቀቱን በሚሊ ሜትር። አየር ጋ ሲደርስ ግን ድምፁ ተመልሶ ይነጥራል፤ ከነጩ መስመር በታች የሚታየው የማስተጋባት ጥላ እንጂ ሥጋ አይደለም። ስለዚህ የኋለኛውን ግድግዳ አያይም። ብሮንኮስኮፕ፣ በቱቦው ውስጥ የሚገባው ቀጭን ካሜራ፣ ተቃራኒው ነው። ውስጡን፣ መርፌው የገባበትን ነጥብና የኋላውን ግድግዳ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ከግድግዳው ውጭ ስላለው እንቅርትም ሆነ ደም ሥር ምንም አይነግርም። ላሪንጎስኮፕ ደግሞ የሚያሳየው ማንቁርቱንና የቱቦውን ኳስ (ቧንቧው ውስጥ ተነፍቶ አየር በጎን እንዳያመልጥ የሚያደርገውን) ነው፤ ቱቦ ወደ ላይ ሲሳብ ሳይታሰብ እንዳይወጣ እሱ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የብራዚል ጥናት በ118 ታካሚዎች ላይ አልትራሳውንድና ብሮንኮስኮፕን አወዳድሮ አልትራሳውንዱ እንደማያንስ አሳይቷል። ብሮንኮስኮፕ ለሌለው ክፍል ይህ ታላቅ ዜና ነው፤ በጣት ዳሰሳ ብቻ ከመውጋት አልትራሳውንድ ይዞ መውጋት በእጅጉ ይሻላል። ሁለቱም ባሉበት ግን ጥያቄው «የትኛው ይበልጣል» መሆን የለበትም፤ «የትኛው በየትኛው ደቂቃ» ነው። ይህ ታሪክ በዋናነት የዚያ ጥያቄ ታሪክ ነው።

በዋዜማው የተወሰደው ልክ

ከአንድ ቀን በፊት ቀጥ ያለ ፊት ባለው የ10 ሜጋ ኸርዝ ፕሮብ (የአልትራሳውንዱ መዳሰሻ)፣ ጥልቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ተደርጎ፣ አንገቷ ታየ። ፕሮቡ አግድም ሲያዝ ከላይ ወደ ታች መውረድ ነው፦ የታይሮይድ ልም አጥንት እንደ ጣሪያ ሾጠጥ ብሎ፣ ቀጥሎ ክሪኮይድ (የማንቁርቱ የታችኛው ቀለበት) ወፍራም ቅስት ሆኖ፣ ከዚያ ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ይመጣሉ። ቁመቱን ሲዞር ቀለበቶቹ በነጭ ክር ላይ እንደተሰካ ጥቁር ዶቃ ይታያሉ። መቁጠር የሚቻለው እዚህ ነው። ክሪኮይድ ከሁሉ ትልቁና ወደ ቆዳ የቀረበው ዶቃ ነው፤ እሱን እንደ አንደኛ ቀለበት የቆጠረ ሰው አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይወጋል፤ የሚከተለውም ከድምፅ አውታር በታች የሚመጣ ጥበት ነው።

የተገኘው ይህ ነበር። የዕጢው ድልድይ 9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይዞ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀለበት ተኝቷል። ቧንቧው በቀኙ እንቅርት ተገፍቶ ከአገጭና ከደረት አጥንት ጉድጓድ መካከለኛ መስመር 6 ሚሊ ሜትር ወደ ግራ ሄዷል። በ2ኛና በ3ኛ ቀለበት መካከል ከቆዳ እስከ ቧንቧው 16 ሚሊ ሜትር ነው። የደም ፍሰትን በሚያሳየው ቀለም ዶፕለር ከመካከለኛው መስመር በስተቀኝ አንድ የፊት ጁጉላር ደም መልስ ታየ፤ በደረት አጥንት ጉድጓድ በኩል ወደ ላይ የወጣ ትልቅ ደም ቅዳ አልነበረም።

እንቅርት ሲኖር ብዙዎች በአልጋ ላይ አይሠሩም፤ ፍርዳቸውም ትክክል ነው። እዚህ የተሠራው ድልድዩ ውፍረቱ ልከኛ፣ በዶፕለር ሲታይ ደሙ ያልበዛ፣ የላይኛው ጠርዙም ወደ ታች ሊገፋ የሚችል ስለነበረ ነው። ዕቅዱ 2 ሴንቲ ሜትር ቁመታዊ ቀዳድ ከፍቶ፣ በሞስኪቶ ፎርሴፕስ ሥጋውን እየለያዩ ድልድዩን ወደ ታች ገፍቶ፣ በ2ኛና በ3ኛ ቀለበት መካከል መግባት ሆነ። ደም ከበዛ ወይም ቀለበቶቹ ካልተለዩ ሥራው ይቆምና በቀዶ ሐኪም እጅ ይከፈታል፤ ሐኪሙም አስቀድሞ ተነግሮት ዝግጁ ሆኗል።

ምልክቱ በቆዳ እስክሪብቶ ተደረገ። ታካሚዋ ያን ጊዜ ራሷን በትራስ ላይ ደገፍ አድርጋ፣ ፊቷን በትንሹ ወደ በር አዙራ ነበር። ስህተቱ የተሠራው እዚህ ነው፤ ዋጋው የታየው በማግስቱ ነው።

የብሮንኮስኮፑ ውፍረት

ክፍሉ ያለው ብሮንኮስኮፕ ባለ 5.0 ሚሊ ሜትር ነው። በቁጥር 7.0 ቱቦ ውስጥ ሲገባ ሒሳቡ እንዲህ ይሆናል፦ የቱቦው የውስጥ ስፋት 38.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ መሣሪያው 19.6ቱን ይይዛል። ለአየር የሚቀረው ግማሽ ያህሉ፣ ማለትም ከ4.9 ሚሊ ሜትር ቱቦ ጋር የሚስተካከል ነው። ለአዋቂ ሴት በሕፃን ቱቦ እንደማስተንፈስ ማለት ነው። ባለ 3.8 ሚሊ ሜትር መሣሪያ ቢኖር ኖሮ 71 በመቶው ክፍት ይሆን ነበር። ቱቦውን በ8.0 መቀየርም ታስቧል፤ ሆኖም ቧንቧዋ በእንቅርት የተገፋ፣ ማንቁርቷም ሁለት ሳምንት ገደማ ቱቦ የተሸከመ ስለሆነ ቅየራው ራሱ አደጋ ነበር፤ ተተወ።

ይህ ጥበት ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ አየር ገብቶ ለመውጣት ጊዜ ስለሚያጣ ሳንባ ውስጥ ይታፈናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይከማቻል። ጭንቅላቷ የተጎዳ ታካሚ ብትሆን ይህ ክምችት የአንጎሏን ግፊት ከፍ ስለሚያደርገው መሣሪያው በውስጥ ሊቆይ የሚችለው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነበር፤ ጊላን ባሬ ግን ይህን ይታገሣል። ሁለተኛ፣ ቬንቲሌተሩ ላይ የሚታየው ከፍተኛ ግፊት የሳንባው ግፊት ሳይሆን የጠበበው ቱቦ ግፊት ነው። የግፊት ማንቂያው በ35 ላይ ከቀረ ማሽኑ ትንፋሹን በየጊዜው ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ውኃ ከፍ ይደረጋል፤ የሚታመነውም ተመልሶ የሚወጣው የትንፋሽ መጠን ይሆናል።

በባሕር ዳር ላይ የሚጨመር አንድ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ወደ 615 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይወርዳል። ኦክስጅን 100 በመቶ ቢሰጥም ሳንባ የሚያጠራቅመው በባሕር ጠለል ላይ ባለ ከተማ ከሚያጠራቅመው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በሌላ አገር መመሪያ ላይ «ለዚህን ያህል ደቂቃ ትታገሣለች» የሚለውን እዚህ እንዳለ መውሰድ አይገባም።

በሥራው ቀን

ምግብ በአፍንጫ ቱቦ መሰጠቱ ከ6 ሰዓት በፊት ቆመ፤ ሆዷ ተመጥጦ ባዶነቱ ታየ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው የጠዋቱ ሄፓሪን ታለፈ። የደም መርጋት መለኪያዎቹ፣ ፕሌትሌት ከ50,000 በላይ፣ አይ.ኤን.አር ከ1.5 በታች መሆን አለባቸው፤ የእሷ ሁለቱም ደህና ነበሩ። ከማሽኑ የሚሰጣት ኦክስጅን 35 በመቶ፣ ፒፕ (ትንፋሽ ሲወጣ ሳንባ እንዳይጨማደድ የሚቀረው ግፊት) 6 ነበር።

ከመድኃኒቱ ትሪ ላይ ጡንቻ የሚያላላው ሱክሳሜቶኒየም ሆን ተብሎ ተነሣ። ነርቩ በተለየው ጡንቻ ላይ ይህ መድኃኒት ፖታስየምን በድንገት ወደ ደም ስለሚለቅ ልብን ሊያቆም ይችላል፤ በችኮላ ጊዜ እጅ የለመደውን ስለሚያነሣ፣ ትሪው ላይ የሌለ መድኃኒት በስህተት አይሰጥም። በምትኩ ቬኩሮኒየም 5 ሚሊ ግራም፣ ፈንታኒል 100 ማይክሮ ግራም፣ ፕሮፖፎል በ20 በ20 ሚሊ ግራም ተሰጠ። የጊላን ባሬ ታካሚ የደም ግፊቷና የልብ ምቷ በትንሽ ነገር ስለሚዋዥቅ፣ ሳክሽን (አክታ መምጠጥ) ብቻ ልብን ሊያዘገይ ስለሚችል፣ የልብ ምትን የሚያፈጥነው አትሮፒን በመርፌ ተቀድቶ ከራስጌ ተቀመጠ። ለቆዳው 1 በመቶ ሊዶካይን ከአድሬናሊን ጋር 8 ሚሊ ሊትር ተወጋ።

አራት ሰው ቦታ ቦታውን ያዘ፦ ሠሪው በቀኝ፣ ረዳቱ በግራ፣ የሰመመን ባለሙያው ከራስጌ ቱቦውን ይዞ፣ ብሮንኮስኮፕ የሚያየው ከጎኑ። ነርሷ ሳቹሬሽኑን (የደሟን የኦክስጅን መጠን በመቶኛ) እና የሚወጣውን የትንፋሽ መጠን በየግማሽ ደቂቃው ድምፅ አውጥታ ታነባለች።

አቅጣጫ ለመናገር አንድ ስምምነት ተደረገ፤ ለእኛ አገር ክፍሎች የግድ ነው ብለን እናምናለን። መጻሕፍቱ መርፌው «12 ሰዓት» ላይ ይግባ ይላሉ፤ የሰዓት ፊት ላይኛው ቁጥር፣ የቧንቧው ፊት ማለታቸው ነው። እኛ አገር 12 ሰዓት ሲባል የሰዓቱ እጅ ያለው ታች 6 ቁጥር ላይ ነው፤ በቧንቧው ላይ ያ ማለት የኋላው ግድግዳ ነው። ስለዚህ በሰዓት አይነገርም፤ «ፊት»፣ «ወደ ቀኟ»፣ «ወደ ግራዋ»፣ «ኋላ» ይባላል፤ ቀኝና ግራም የታካሚዋ ነው።

የተጠቀለለ አንሶላ ከትከሻዋ ሥር ገብቶ አንገቷ ወደ ኋላ ተለጠጠ፤ ራሷ በቀለበት ትራስ ላይ ቀጥ አለ። ኦክስጅን 100 በመቶ ለ5 ደቂቃ ተሰጠ። በላሪንጎስኮፕ እየታየ፣ ኳሱ ተንፍሶ፣ ቱቦው ጥርሷ ጋ ከ21 ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ተሳበ፤ ኳሱ ከድምፅ አውታር በታች ሲቀር እንደገና ተነፋ። ከዚህ በላይ ከተሳበ ቱቦው ይወጣል፤ ካልተሳበ መርፌው ኳሱን ወይም የቱቦውን ጫፍ ይወጋል። ኳሱ ከተበሳ ትንፋሹ ወዲያው ይፈሳል፤ ቱቦው ራሱ ከተሰካ ደግሞ ሽቦው በቱቦው ግድግዳ በኩል ሊያልፍና ቱቦው አልወጣ ሊል ይችላል።

ብሮንኮስኮፑ ገብቶ ጫፉ ከቱቦው አፍ ሳይወጣ ቆመ። ከቱቦው ካለፈ በመርፌ ይወጋል፤ ለአንድ መሣሪያ ብቻ ላለው ክፍል ያ ማለት ለወራት ያለ ብሮንኮስኮፕ መቆየት ነው። ጫፉ ለብ ባለ ውኃ ተነክሮ ተጠርጓል፤ አለዚያ መስታወቱ በጉም ይሸፈናል። ማለስለሻ ጄል ከጫፉ ራቅ ብሎ ነው የሚቀባው።

የመጀመሪያው መርፌ

ቆዳው ባለፈው ቀን ምልክት ላይ ተቀደደ፤ ሥጋው በፎርሴፕስ ተለየ፤ ድልድዩ ወደ ታች ተገፋ። ረዳቱ በጣቱ ሲጫን በብሮንኮስኮፕ የቧንቧው ፊት ሲሰረጉድ ታየ፤ ጥሩ ይመስል ነበር። ሆኖም በጣት የሚሰረጉደው ቦታ ሰፊ ስለሆነ ከአምስት ስድስት ሚሊ ሜትር ስህተት አያድንም። 5 ሚሊ ሊትር ሳላይን በያዘ መርፌ ተወጋ፤ አረፋ ወጣ። በዚያ ቅጽበት የሚያየው ባለሙያ «ወደ ቀኟ! ፊት አይደለም» አለ። መርፌው የገባው ከመካከሉ ወደ ቀኝ፣ ቀለበቱ ወደ ጎን በሚታጠፍበት ነበር።

አረፋው ብቻ ቢታመን ኖሮ ሽቦው በዚያው ይገባ ነበር። አረፋ የሚለው መርፌው አየር ውስጥ መሆኑን እንጂ የት እንደገባ አይደለም። ከጎን የገባ ማስፊያ ቀለበቱን ይሰብራል፤ ቱቦው ወደ አንድ ወገን ተጋድሞ የኋላውን ግድግዳ ይፈትጋል፤ በዚህች ታካሚ ላይ ደግሞ በዚያው ወገን ወፍራሙ እንቅርትና ጁጉላሩ ነበሩ።

መርፌው ተነቀለ፤ በጣት ለሁለት ደቂቃ ተጫኑት። በዚህ መካከል ብሮንኮስኮፑ አራት ደቂቃ ውስጥ ቆይቶ ነበር፤ ነርሷ «89» ስትል ሁሉም ሰማ። የሚወጣው ትንፋሽ ከ400 ወደ 210 ሚሊ ሊትር ወርዷል። መሣሪያው ወዲያው ወጣ። ሦስት ደቂቃ ያለ መሣሪያ በ100 በመቶ ኦክስጅን ስትተነፍስ ወደ 97 ተመለሰች። ሳቹሬሽን ሲወርድ ማየቱን ለመጨረስ መጣደፍ የታወቀ ወጥመድ ነው፤ እዚህ ያልተወደቀበት አስቀድሞ «ከ90 በታች ከወረደ ይወጣል፣ ክርክር የለም» ተብሎ ስለነበር ነው።

አልትራሳውንዱ በንጹሕ ሽፋን ተጠቅልሎ መጣ። ምክንያቱ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ታወቀ። አንገት ሲለጠጥና ራስ ሲቀና ቆዳው በአንድ ልክ፣ ቧንቧው በሌላ ልክ ይንሸራተታል፤ በትራስ ላይ የተደረገው ምልክት አሁን ከቧንቧው መካከል 7 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ነበር። ቀለበቶቹም ወደ ላይ ወጥተው ነበር። ምልክት የሚደረገው ታካሚ በሚወጋበት አኳኋን ተስተካክሎ ከተኛ በኋላ፣ ከመወጋቱ በፊት ባለው ደቂቃ ነው። የዋዜማው ምርመራ መንገዱን ለመወሰን ይጠቅማል፤ ለመርፌ ግን አይጠቅምም።

ሁለተኛው

ቀዳዱ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ግራ ተጨመረ። አሁን ፕሮቡ አግድም ተይዞ መርፌው ከሥሩ ገባ፤ መርፌው ራሱ ባይታይም ሥጋው በፊቱ ሲጨመቅ ይታያል፤ ያ ጨመቅ ከነጩ ቅስት አናት ላይ እስኪወድቅ ተስተካከለ። ጥልቀቱ ከተለየው ሥጋ በኋላ 11 ሚሊ ሜትር ቀርቷል። ብሮንኮስኮፑ ተመልሶ የገባው ይህ ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። መርፌው ተገፋ፤ አረፋ፤ «ፊት፣ መካከል።» መርፌው ተነቅሎ በላዩ የነበረው ላስቲክ ቀረ፤ ሽቦው ገባ፤ ጫፉ ወደ ሁለቱ ብሮንከስ መገንጠያ ሲወርድ ታየ። ሽቦው ወደ ላይ፣ ወደ ቱቦው ሲታጠፍ ከታየ ላስቲኩ ተዘንብሏል ማለት ነው፤ ይመለሳል እንጂ አይገፋም። ሽቦው ከታየ በኋላ መሣሪያው ወጣ፤ የቆየው 70 ሰከንድ ነው።

የ14 ፍሬንች (የውፍረት መለኪያ ነው) አጭር ማስፊያ በሽቦው ላይ ገባ ወጣ። ትልቁ ጠምዛዛ ማስፊያ ውኃ ነክቶ እንዲለሰልስ ተደረገ፤ ውኃ ካልነካ ቆዳውን ይዞ ይጎትታል። ማስፊያው እስከ 38 ፍሬንች ምልክት፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ቆዳ ጋ እስኪደርስ ይገፋል። ግፊቱ ወደ አልጋው ሳይሆን ወደ እግሯ አቅጣጫ ጠምዞ ነው፤ ቀጥ ብሎ ከተገፋ የፊቱ ግድግዳ ከኋላው ጋር እስኪነካካ ይሰረጉዳል። ብሮንኮስኮፑ ለሦስተኛ ጊዜ የገባው ለዚህ ቅጽበት ነው። ማስፊያው ሲገባ ደም ተረጭቶ መስታወቱን ሸፈነው፤ ስክሪኑ ቀላ። በዚህ ጊዜ ሳክሽን ደጋግሞ መሳብ ኦክስጅኑንና ፒፑን መጥጦ ሳንባውን ያንኮታኩታል። ሠሪው እጁን አቆመ፤ መሣሪያው ወደ ቱቦው ገባ ብሎ 5 ሚሊ ሊትር ሳላይን ተረጨ፤ አንድ ጊዜ፣ ለሦስት ሰከንድ ተሳበ። የኋላው ግድግዳ ጠርቶ ታየ፤ ምንም ጭረት የለም። ከዚያ ማስፊያው ቀጠለ።

ቁጥር 7.0 የትራኪዮስቶሚ ቱቦ ከልኩ መጫኛ ጋር ገባ፤ መጫኛውና ሽቦው ወጡ፤ ኳሱ ተነፋ። የአፉ ቱቦ ወዲያው አልወጣም። መጀመሪያ የሚወጣውን ትንፋሽ በሚለካው ካፕኖግራፍ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞገድ በተከታታይ ትንፋሽ ታየ፤ ከዚያ ብሮንኮስኮፑ በአዲሱ ቱቦ ውስጥ አልፎ መገንጠያው ከጫፉ በታች ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ጫፉም ከኋላው ግድግዳ ሳይነካ ታየ። የአፉ ቱቦ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ የመጨረሻ እይታ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ በእኛ ግምት ግን ከመርፌው እይታ ቀጥሎ ዋጋ ያለው እሱ ነው፤ አጭር ቱቦ በወፍራም አንገት ላይ ከቧንቧው ፊት ቀርቶ ሥጋ ውስጥ ሊያርፍ ይችላል።

ብሮንኮስኮፑ በአራት መግቢያ በድምሩ 8 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ነበር፤ ከዚህ ግማሹ በመጀመሪያው መርፌ የጠፋ ነው።

ከሥራው በኋላ

የሳንባዋ ሽፋን በሁለቱም ወገን ሲንሸራተት በአልትራሳውንድ ታየ፤ አየር ወደ ደረት አልገባም። የኳሱ ግፊት በመለኪያ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውኃ ተያዘ፤ በጣት ዳብሶ «በቃው» ማለት ቧንቧውን ያቆስላል። አልጋዋ ራስጌ አንድ ዓይነት ቱቦና አንድ ቁጥር ያነሰ፣ የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ማስፊያ ፎርሴፕስ፣ ሳክሽንና የአፍ ቱቦ ተሰቀለ። ከሁሉ በላይ በትልቅ ጽሑፍ የተለጠፈው ይህ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ቱቦው ከወጣ መልሶ አይገፋም፤ መንገዱ ገና ስላልጠነከረ ቱቦው ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቀዳዳው ተሸፍኖ በአፍ ይተነፈስላት፣ ካስፈለገም በአፍ ቱቦ ይግባ። ይህ ጽሑፍ ለሌሊት ተረኛ ነው የተጻፈው።

በ3ኛው ቀን ቤተሰቡ ጠበል አምጥቶ እንድትጠጣ ጠየቀ። እምቢ ማለት ብቻ ቤተሰቡን በድብቅ እንዲያጠጣት ያደርገዋል። የተነገራቸው፣ ኳሱ ተነፍቶም ቢሆን ውኃ ከኳሱ በላይ ተጠራቅሞ ወደ ሳንባ እንደሚወርድ፣ የመዋጥ ፈተና ካለፈች መጠጣት እንደምትችል ነው፤ እስከዚያ በግንባሯና በእጆቿ ላይ በትንሹ መቀባት ተፈቀደ፤ መርጨት ግን አይደለም፣ ከአንገት በታችም አይሆንም። ወንድሟ «እሺ፣ አባታችንም እንዲያ ነው ያሉት፣ ሐኪሙን ስሙ» አለ። በ24ኛው ቀን ኳሱ ተንፍሶ ባለቀለም ውኃ በማንኪያ ጠጣች፤ በሳክሽን ቀለም አልወጣም። የመጀመሪያው ጠበል በዚያ ሳምንት ተሰጣት።

ማስታገሻው ከሥራው በማግስቱ ቆመ። የመጀመሪያው የቱቦ ቅየራ በ10ኛው ቀን ያለ ችግር ሆነ። ቬንቲሌተሩን ቀስ በቀስ ለቃ በ37ኛው ቀን በራሷ ሙሉ ቀንና ሌሊት ተነፈሰች፤ ኳሱ ተንፍሶ ቱቦው በጣት ሲደፈን ስሟን ተናገረች። በ45ኛው ቀን ቱቦው ወጣ። ወደ ቤቷ ስትሄድ ቀዳዳው በፋሻ ተሸፍኖ ነበር፤ እስኪገጥም ጭስ ከሚበዛበት ምድጃ እንድትርቅ፣ በሐይቁ እንዳትታጠብ፣ በታንኳም እንዳትሻገር ተመከረች፤ ከቀዳዳው የሚገባ ውኃ በአፍንጫ እንደሚገባው አያስነጥስም፣ በቀጥታ ሳንባ ይገባል።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሳ ስትታይ ቀዳዳው ገጥሟል፤ ድምፅዋ ጎርነን ቢልም ስትሮጥም ስትተነፍስም ፉጨት የለም። በአልትራሳውንድ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀለበት ሙሉ ሆነው ታዩ። እንቅርቷን ለመከታተል ወደ ተመላላሽ ክሊኒክ ተላከች።